የድምፅ መሣሪያ ገዥዎች ከካርቶኑ ቁጥር ይልቅ የጀርባውን ጽሑፍ ሊያነቡ ይገባል

የመኸር ሰብል ተወቅቶ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ያለው ጊዜ፣ በተለይም የሠርግ ወር የሆነው ጥር፣ ቤተሰቦች ለቤታቸው ዕቃ የሚገዙበት ወቅት ነው። ከቴሌቪዥን ጋር አብረው ከሚፈለጉት መካከል ሆም ቴአትር የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ይገኝበታል። በካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚታተመው የዋት ቁጥር ግን የዓመት ልፋት ያስገኘውን ገንዘብ ለከንቱ ሊያስወጣ ይችላል።

በአንዳንድ ርካሽ መሣሪያዎች ላይ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ከሚል ምሕፃረ ቃል ጋር በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይጻፋል። ይህ ለቅጽበት ይወጣል ተብሎ የሚገመት ኃይል ሲሆን፣ አምራቾች ሁሉ የሚከተሉት ወጥ የአለካክ ደንብ የለውም። መጠየቅ ያለበት አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። እርሱ ካልተጻፈ መሣሪያውን አዙሮ ከጀርባው የተለጠፈውን ማንበብ ይበጃል። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት የሚል ከሆነ፣ ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ያህል ነው። ከሚስበው በላይ ያለማቋረጥ ሊሰጥ አይችልም፤ ከሳበውም ከፊሉ በሙቀት መልክ ይባክናል።

የዋት መብዛት ብቻውንም ድምፅን አያጎላም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ለጆሮ መጠነኛ ለውጥ ነው። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከር፣ 87 ዴሲቤል የሚያሰማው የሚፈልገውን ኃይል ግማሽ ብቻ ተጠቅሞ እኩል ይሰማል።

በሶላር ለሚጠቀም አርሶ አደር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። 60 ዋት የሚስብ መሣሪያ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 አምፔር ይወስዳል፤ በ4 ሰዓት 20 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመከር፣ ለዚህ ብቻ 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። ኢንቨርተር ካለ ብክነቱ ይጨምራል።

ሪሲቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዲሹን ነው። የሆም ቴአትር ሪሲቨር ግን ድምፅን አጉልቶ ለስፒከሮች የሚያከፋፍል አምፕሊፋየር ነው። ስፒከሮችን ለየብቻ የሚገዛ ሰው የኦም ቁጥራቸውን ከእርሱ ጋር ያመሳክር። ከ8 ኦም በታች አይታሰርበትም በተባለ መውጫ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማሰር ጭነቱን ወደ 4 ኦም ያወርደዋል፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ስለሚጨምርም መሣሪያው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ለድግስ ከጎረቤት የመጣ ስፒከር ሲጨመር ይህ ይዘነጋል።

በአነስተኛ ገንዘብ አምስት ደካማ ስፒከሮችን ከመግዛት ሁለት ደህና ስፒከሮችንና አንድ ሳብዉፈር መምረጥ ያዋጣል። የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከሁለቱ ስፒከሮች ነው፤ ሳብዉፈሩ የሚያሰማው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ነው። ሣጥኑ ከስስ ፕላስቲክ ይልቅ ከወፍራም እንጨት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ፕላስቲኩ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩ መሣሪያውን ሰክቶ፣ ዘፈን ብቻ ሳይሆን ዜና ወይም ንግግር ከፍ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲያሰማ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቃላቱ ከተሰነጠቁ ወይም የማቃጠል ሽታ ከመጣ ሌላ ይታይ።