የሕፃኑን እግር ገልጠው ይመልከቱ

ደባርቅ አካባቢ ስሠራ አንዲት እናት አራተኛ ወሩን የያዘ ሕፃን ሳል ይዞት አመጣች። በስሜን ተራሮች ግርጌ ብርዱ ከባድ ነውና ልጁ በጋቢ ተጠቅልሏል። ስንፈታው እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተዘርግተው ወድቀዋል፤ አይራገጥም። ለቅሶው ቀጭን ነው፤ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባና ሆዱ ብቻ ይነሣል። ዓይኖቹ ግን ንቁ ናቸው፤ እናቱን አይቶ ፈገግ ይላል። «ልጄ ጨዋ ነው፤ አያስቸግረኝም» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲመጣ ከምንጠረጥራቸው ሕመሞች አንዱ ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ፣ በአጭሩ ኤስ ኤም ኤ ነው። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሆነው ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች የሚሞቱበት በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ በዓለም ከ10 ሺህ ገደማ ሕፃናት አንዱ ከዚህ ሕመም ጋር ይወለዳል ተብሎ ይገመታል። ልጁ የሚታመመው ጉድለት ያለበትን ዘረ-መል ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርስ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ይህን አጋጣሚ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ስለዚህ «በማን ወገን መጣ?» እያሉ እናትን መውቀስ ከንቱ ነው።

በበለጸጉ አገሮች በሽታው ምልክት ሳያሳይ ይታወቃል። ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ይወጋና ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አሜሪካ ኤስ ኤም ኤን በአራስ ሕፃናት ምርመራ ዝርዝሯ ያስገባችው እ.አ.አ. በ2018 ነው። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ2016 ወዲህ የተገኙት መድኃኒቶች የቀሩትን ነርቮች ይታደጋሉ እንጂ የሞቱትን አይመልሱም። ቀድመው ከታከሙት ብዙዎቹ ይራመዳሉ። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ አንዴ የሚሰጠው የዘረ-መል ሕክምና ገበያ ሲገባ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተተምኖ ነበር።

እኛ ጋ ሁሉም አራስ የሚያልፍበት እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ምርመራ የለም። ወረቀቱ ግን ለጤና ተቋሞቻችን እንግዳ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው የሚመረመሩት በዚሁ ዘዴ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ በታይሮይድ እጥረት እጀምር ነበር። እንቅርት በተራራማው አገራችን የቆየ ችግር ነው፤ ታይሮይድ አንሶት የተወለደ ሕፃንም ዝልፍልፍ ሊሆን ይችላል። እሱን ግን ርካሽ የየዕለት ክኒን በጊዜ ከተጀመረለት ከአእምሮ ዝግመት ያድነዋል።

እስከዚያው ቀዳሚ መርማሪዎቹ እናት፣ አያትና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናቸው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ሕፃኑን የውጭ ሰው እምብዛም አያየውም። ስለዚህ ገላውን ሲያጥቡ ያስተውሉ። እግሮቹን ያንቀሳቅሳል? ብብቱን ይዘው ሲያነሡት ከእጅዎ ይሾልካል? ሲጠባ ይደክመዋል፣ ትን ይለዋል? በአራት ወሩ አንገቱን መሸከም አቅቶታል? ከእነዚህ አንዱን ካዩ፣ በተለይ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ የሞተ ልጅ በቤቱ ካለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ለመተንፈስ ከተቸገረ ወይም መጥባት ካቆመ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ጸበል ቢወስዱትም ሐኪም ማየቱ አይቅርበት።

ያን ሕፃን ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፍንለት፤ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ ባይገኝም አመጋገቡን ማስተካከል፣ አክታውን ማውጣት፣ የሳንባ ምችን ቶሎ ማከም ይቻላል። ለእናቲቱም የምንነግራት አለ፤ ሕመሙ ኤስ ኤም ኤ ከሆነ በቀጣዩ እርግዝና የሚወለደው ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።