ስክሪኑ ቢጨልም ኮምፒዩተሩ ሞተ አይባልም

አንድ ኮምፒዩተር ፋኑ እየዞረ፣ መብራቱም እየበራ፣ ስክሪኑ ግን ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ቢጨልም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ተበላሽቷል» ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ መጋዘን ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ አንድ ኮምፒዩተር ለስንት ተማሪ እንደሚካፈል የሚያውቅ ሰው ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይጠፋውም። ምትክ ስክሪን ፍለጋ አዲስ አበባ ይኬድ ቢባል እንኳ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ስክሪኑን በእጅ ለማስተካከል ምን ምን ዝርዝር እንደሚያስፈልግና ከየት እንደሚገኝ በዚህ ጽሑፍ እናያለን።

ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ በነጻ የሚታደል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሥዕሉንና መስኮቱን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግን ኤክስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ሲሆን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. የተጀመረ ነው። (አዎን፣ ከሊኑክስ በ7 ዓመት ይበልጣል!) በአዳዲሶቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ዌይላንድ የሚባለው እየተካው ነው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ኤክስ ገና ሥራ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለሕፃናት ወደ አገራችን የገቡት ትንንሾቹ ኤክስ-ኦ ላፕቶፖችም በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ። የእነዚያ ስክሪን 1200 በ900 ነጥብ ሆኖ ከገላቸው ጋር አንድ ስለሆነ ማንም ስለ ስክሪኑ አይጨነቅም ነበር። ችግሩ የሚመጣው ስክሪኑ ከአንድ ቦታ፣ ሳጥኑ ከሌላ ቦታ ተገኝቶ ሲጋቡ ነው።

እንደ ደንቡ ሁለቱ ራሳቸው ይነጋገራሉ። ስክሪኑ በሆዱ ኢዲአይዲ የምትባል 128 ባይት የምታህል መታወቂያ ይዟል፤ ስሙንና የሚችለውን ሁሉ የምትናገር እሷ ነች። ባለ 15 መርፌ በሆነው የቪጂኤ ገመድ ላይ መታወቂያዋ የምታልፈው በ12ኛውና በ15ኛው መርፌ በኩል ነው። ከሁለቱ አንዱ ከታጠፈ፣ ወይም ምልክቱ ለፕሮጀክተር ተብሎ በማካፈያ ሳጥን ካለፈ፣ ሥዕሉ እያለፈ መታወቂያዋ ልትቀር ትችላለች። ያኔ ኮምፒዩተሩ በግምት ይሠራል። እንግዲህ ከሁሉ በፊት ገመዱን ነቅሎ መርፌዎቹን ማየት፣ ቀጥሎም ጤነኛ ገመድ መሞከር ነው። 9ኛዋ መርፌ ግን በብዙ ገመዶች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለችም፤ እሷን አጣን ብላችሁ ገመዱን እንዳትጥሉት።

ገመዱም ካልሆነ ዝርዝር ፍለጋ እንነሣ። የግራፊክስ ካርዱን ስም ለማግኘት ሳጥኑን መፍታት አያስፈልግም፤ ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ የሚባለውን ትእዛዝ መጻፍና ቪጂኤ የሚለውን መስመር ማንበብ ይበቃል። ስለ ስክሪኑ ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ሞዴሉን ይነግረናል፤ የድግግሞሹ ወሰን ግን የሚገኘው ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ከአምራቹ ገጽ ነው። መጽሐፉ ከጠፋስ? ለትምህርት ቤት የሚሻለው መንገድ ያንኑ ስክሪን ከሚሠራ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ኤክስ የሚጽፈውን የምዝገባ ፋይል ማንበብ ነው። መታወቂያዋ በደኅና ገመድ ካለፈች እዚያ ተመዝግባ ትገኛለች።

አሁን ዋናው ነገር ሁለት ቁጥር ነው፤ የአግድምና የቁም ድግግሞሽ። ይህን ለመረዳት ጥቁር ሰሌዳ ይበቃናል። መምህሩ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይጽፍና እጁን ሳይጽፍ ወደ ግራ ይመልሳል፤ ሰሌዳው ሲሞላ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይመለሳል። የድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ጨረርም እንዲሁ ነው። በሰከንድ ስንት መስመር እንደሚጻፍ የአግድሙ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሰሌዳው እንደሚሞላ የቁሙ ድግግሞሽ ይባላል። እጅ ሲመለስ የሚያልፈውም ጊዜ ስለሚቆጠር 768 መስመር የሚታይበት የተለመደው ሥዕል በስሌቱ 806 መስመር ይሆናል። 806 በ60 ሲባዛ 48,360፤ ማለት 48 ኪሎኸርዝ ያህል። ጠፍጣፋው ስክሪን ጨረር ባይኖረውም በቪጂኤ ገመድ የሚመጣለት ምልክት ይህንኑ ሥርዓት የተከተለ ነው።

እንፈትነው። የአግድም ወሰኑ ከ30 እስከ 70 ኪሎኸርዝ የሆነ ስክሪን አለን እንበል። 1280 በ1024 የሆነው ሥዕል በስሌት 1,066 መስመር አለው። በ60 ሲባዛ 63,960 ስለሚመጣ ያልፋል፤ በ75 ሲባዛ ግን 79,950 ሆኖ ከወሰኑ ይወጣል፤ ስክሪኑም ይጨልማል። ስክሪኑም ካርዱም ደኅና ናቸው፤ የተጣላው ቁጥሩ ብቻ ነው። የመጨለሙ እንኳ ደግ ነው፤ ከወሰኑ በላይ የተነዳ የጥንት ባለ ቱቦ ስክሪን እስከ መቃጠል ሊደርስ ስለሚችል ቁጥሩን በግምት መጻፍ አይገባም።

የተገኘው ሁሉ የሚጻፈው ኤክስ-ኦርግ-ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ሞኒተር በሚለው ክፍል ሁለቱ ወሰኖች፣ ዲቫይስ በሚለው የካርዱ ጉዳይ፣ ስክሪን በሚለው ደግሞ የምንፈልገው የነጥብ ብዛት ይገባል። ሲ-ቪ-ቲ የሚባለው ትእዛዝ የነጥቡን ብዛትና የቁሙን ድግግሞሽ ከሰጠነው የቀረውን ስሌት ራሱ ሠርቶ ያወጣልናል፤ ወረቀት ማባከን የለም።

ፋይሉ ቀድሞ ካለ ከመነካቱ በፊት በሌላ ስም ይቀዳ። ስክሪኑ እንደገና ከጨለመም ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ሲጫኑ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ የድሮውን ፋይል መልሶ ማስነሣት ነው። የተገኙትን ሁለት ቁጥሮች ደግሞ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከስክሪኑ ጀርባ ለጥፏቸው፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠልጣኝ ከሀ አይጀምር።