ከብት ሲገባ

በካሊፎርኒያ፣ ከኦክላንድ ኮረብታዎች ማዶ፣ ሞራጋ ውስጥ፣ ሴንት ሜሪስ ኮሌጅ ትልቁን የሠዓሊው የዊሊያም ኪት ሥዕሎች ስብስብ ይዟል። በስተርጅና የሳላቸው ብዙዎቹ ጨለም ያሉ ናቸው፦ ጥቂት የኦክ ዛፎች፣ ከሥራቸው ላም፣ ከቅጠሉ ጀርባ የምታዘቀዝቅ ጀምበር። ገጠር ያደገ ሰው ሰዓቱን አይስተውም፤ ከብት የሚገባበት ነው።

ያን ስሜት የሚያመጣው ላሟ አይደለችም፤ አደራደሩ ነው። ጥበቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች ይመዘዛል። አገራቸው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ አድማሱን ዝቅ አድርገው ከሸራው ሦስት እጅ ሁለቱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለሰማይ ለቀቁት። ያኮብ ፋን ራይስዳል ደመናውን ቆልሎ ጥላውን ማሳው ላይ ይጥላል፤ በጥላው መካከል ፀሐይ ያረፈባት አንዲት ቁራጭ መሬት ይተዋል፤ ዓይን ወደዚያች ይሄዳል። ያን ፋን ጎየን ደግሞ ቀለም ቆጣቢ ነበር። በቡኒ፣ በግራጫና በጥቂት አረንጓዴ ወንዙንና ሰማዩን አንድ እርጥበት ያለብሳቸዋል። በሁለቱም ዘንድ ሰው ትንሽ ነው።

እነሱን በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ የባርቢዞን ሠዓሊዎች አጠኑ፤ ኪት ከባርቢዞን ወሰደ። በ1838 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ተወልዶ በ1859 ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፤ የመጀመሪያ ሙያው ለኅትመት የሚሆን ሥዕል በእንጨት ላይ መቅረጽ ነበር። ቀድሞ የሳለው የሴራ ኔቫዳን ግዙፍ ተራሮች ነው። በ1872 ዮሰሚቲ ላይ የተወዳጀው የአገሩ ልጅ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙር፣ ያንን ይወድለት ነበር፤ ኪት ወደ ዛፍ ጥላ ሲገባ ግን ቅር አለው። ተራራው እንዳለ እንዲሳል ነበር የሚፈልገው።

እኔ የምወደው የኋለኛውን ኪት ነው። ከሆላንዶቹ የወረሰውን የጨለመ የፊት ለፊት መሬትና አንድ ብርሃን ይዞ፣ እነሱ የከፈቱትን ሰማይ በቅጠል ዘጋው። ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል ባለች ክፍተት ብቻ ይገባል። መሬቱ ሰፊ መሆኑ ቀርቶ መጠለያ ይሆናል፤ የካሊፎርኒያ ኦክም ለኔ ከዋርካ አይለይም።

በ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ቃጠሎ ስቱዲዮው ሲወድም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሥራዎቹ አብረው ነደዱ። በ67 ዓመቱ እንደገና ብሩሽ አነሳ፤ በ1911 በርክሌይ እስኪሞትም ሳለ።

ከነዚህ ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው አይቸኩል። መጀመሪያ የሚታየው ጨለማው ነው። ዓይን ሲለምድ መንገዱ ይለያል፣ ግንዱ ይለያል፤ ቆይቶ ላሟ ከጥላው ትወጣለች።