መብራት ሲሄድ የሚቀረው፦ ከሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ጋር ትውውቅ

በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ሕንፃ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚገኝ፣ በውስጡም የማራገቢያዎች ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጕረመርም የሚውልበት አንድ ጠባብ ክፍል አለ፤ ተማሪው «ሲስኮ ላብ» ይለዋል። ብዙ ሰው በበሩ ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከሚዘልቀውም የሚበዛው ጥበብን ሳይሆን ሰርተፊኬትን ፈልጎ የሚመጣ ነው። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን በማስተማር ስለ ቈየሁ፣ ይህ «ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ» የተባለ፣ በኩባንያና በዩኒቨርሲቲ መካከል የቆመ ማኅበር ከሚገባው ክብር ጥቂቱን እንኳ እንዳላገኘ ስለማምን፣ ለማያውቀው ላስተዋውቀው፣ አውቀዋለሁ የሚለውንም በትሕትና ጥቂት ልገሥጸው ብዕሬን አነሣሁ።

የዚያ ክፍል ዋና ዕቃ ራውተር ነው፤ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን ብዙ ቀለም አላባክንም፤ አንዱን መረብ ከሌላው መረብ የሚያገናኝና ለእያንዳንዱ መልእክት መንገዱን የሚመርጥ መሣሪያ ነው፤ ይኸው ይበቃል።

ሲስኮ የተባለው ኩባንያ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ሊዮናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር፣ ሁለቱም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሥራ ያስተዳድሩ የነበሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ስሙንም ከሳን ፍራንሲስኮ ስም ጫፍ ቈርጠው ወሰዱት። የሚሸጡት ራውተር መሠረቱ የተጣለው ግን በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች እጅ ነበረ፤ ስታንፎርድም ሶፍትዌሩንና የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎቹን ኩባንያው እንዲጠቀምባቸው በ1987 ፈቃድ ሰጠ። እንግዲህ ኩባንያው ዛሬ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን ትምህርት እንደ ምጽዋት የሚቈጥሩ ሰዎች መጽሐፉን ከመካከሉ ገልጠው የሚያነቡ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቢጀምሩ ኖሮ ተበዳሪው ማን እንደ ነበረ ባወቁ።

አካዳሚው የተጀመረበት ምክንያትም ከፍ ካለ ፍልስፍና የመነጨ አይደለም። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የኔትወርክ ዕቃ እየገዙ፣ ነገር ግን የሚጠብቅላቸውና የሚጠግንላቸው ሰው እያጡ ሲቸገሩ ያየ የኩባንያው መሐንዲስ፣ በመጀመሪያ መምህራኑን፣ ቀጥሎም ተማሪዎቹን ራሳቸውን ማስተማር ጀመረ፤ ይኸው ልምድ አድጎ በ1997 በሰባት ግዛቶች በሚገኙ 64 ተቋማት «ኔትወርኪንግ አካዳሚ» ተብሎ ተከፈተ። በ2000 ኩባንያው ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ ትምህርቱ በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ወደ ቀሩ አገሮች እንዲደርስ አደረገ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የአገራችን ተቋማትም ተካፋይ ሆኑ። እስከ አሁን በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ጉባኤ ተቀምጠዋል።

ውሉም ቀላል ነው። ኩባንያው ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የመምህራኑን ሥልጠናና ፓኬት ትሬሰር የተባለውን፣ ያለ ራውተር ራውተርን የሚያለማምድ ሶፍትዌር ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ክፍሉን፣ መምህሩንና ዕቃውን ያቀርባል። ዕቃውን ኩባንያው በነፃ የሚያድል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በዋጋ ቅናሽ ይሸጣል እንጂ እንደ ጠበል ጠዲቅ አያድልም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ራውተር ሁለት ልብ አለው። አንዱ በራም ውስጥ ያለው፣ «ረኒንግ ኮንፊግ» የሚባለው፣ መሣሪያው አሁን በዚህች ደቂቃ የሚሠራበት ትእዛዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤንቪራም በሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር ተጽፎ የሚኖረው «ስታርትአፕ ኮንፊግ» ነው። ተማሪው ጠፍጣፋውንና ውሃ ሰማያዊውን የኮንሶል ገመድ ሰክቶ፣ የመነጋገሪያውን ፍጥነት 9600 አድርጎ፣ ስም ቢያወጣለት፣ አድራሻ ቢሰጠው፣ መንገድ ቢያስተምረው፣ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በመጀመሪያው ልብ ብቻ ነው። መሣሪያው ወዲያው ይታዘዛል፤ ወዲያው ስለሚታዘዝም ተማሪው ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» ብሎ ካልጻፈ፣ ወይም እንደ ቀድሞዎቹ ሰዎች «ደብሊው አር» የተባሉትን ሁለት ፊደላት ካልነካ፣ ሥራው ሁሉ በውሃ ላይ እንደ ተጻፈ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ትእዛዙን በትክክል የሚጽፉ፣ መሣሪያው ግን የሚጻፍበትን ፋይል ስም ጠይቆ «ኢንተር» እስኪባል ሲጠባበቅ ጥለውት ላፕቶፓቸውን ዘግተው የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ። እነዚህን ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ደብዳቤ ጽፎ፣ አሽጎ፣ ከፖስታ ቤት በር የሚመለስ ሰው ይመስሉኛል።

አንድ ማታ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ለተግባር ፈተና ተቀምጠው ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ደክመው፣ ራውተሮቻቸውን ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ሐረር ብለው ሰይመው፣ መልእክት ከጅማ ወደ ጎንደር ተልኮ መልሱ ሲመጣ እልልታ ሊሰማ ጥቂት በቀረበት ሰዓት መብራት ሄደ። የማራገቢያዎቹ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ አለ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ክፍሉ ሲበራ፣ መሣሪያዎቹ ከፋብሪካ ትናንት እንደ ወጡ ሁሉ «የመጀመሪያውን ማዋቀር መጀመር ይፈልጋሉን?» እያሉ በእንግሊዝኛ ይጠይቁ ጀመር። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ስክሪኑን ሲያይ ቈይቶ፦

«ቲቸር፣ ጎንደር ጠፋች!» አለኝ።

ከኋላ በኩል ያለችው ተማሪ ግን ዝም ብላ ሥራዋን ቀጥላ ነበርና ቀርቤ ባይ፣ ስክሪኗ ላይ «ደሴ» የሚለው ስም እንደ ተጻፈ ነው።

«አንቺስ እንዴት ተረፍሽ?» ብላት፦

«ሻይ ልጠጣ ስወጣ ሴቭ አድርጌው ነበር፣ ቲቸር» አለች።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ስለ ራውተር አልነበረም፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ አንድምታ ለዚያ ትእዛዝ አላገኘሁለትም። ሆኖም የዚያ ማታ ነገር በዚህ አላበቃም። ዐሥራ አንዱ ተማሪዎች የጠፋባቸውን ሁሉ እንደ ገና ሲሠሩት፣ ሦስት ሰዓት የፈጀው ሥራ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ። መሣሪያው የረሳውን እነርሱ አልረሱትም ነበርና። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊቱ ሳይታጠፍ ልጁ በቃሉ እንዲደግመው የሚደረገው በከንቱ አይደለም፤ ሊቃውንቱ ብራናውንም ልቡንም ይሻሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ፣ የተማሪዎቼን ሥራ በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ሆነ ብዬ አጠፋባቸዋለሁ፤ እንደሚጠሉኝም አውቃለሁ።

ስለ ሰርተፊኬቱ አንድ ስሕተት ላርም። የአካዳሚውን ሦስት ኮርሶች የፈጸመ ተማሪ የሚያገኘው ወረቀት ኮርሱን ስለ መፈጸሙ ብቻ የሚመሰክር ነው፤ ሲሲኤንኤ የሚባለው ማዕርግ ግን የፈተናውን ዋጋ ለብቻው ከፍሎ፣ 120 ደቂቃ ተፈትኖ የሚገኝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ካልታደሰ የሚሻር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ በሥራ ማመልከቻው የሚጽፍ ሰው፣ ምናልባት ሳያውቅ፣ ሐሰት ይመሰክራል። «ዳምፕ» የሚሉትን የተሰረቀ ጥያቄና መልስ ሸምድዶ የሚያልፈው ደግሞ እያወቀ ያደርገዋል፤ የኮንሶሉ ገመድ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚሰካ ግን በሥራው የመጀመሪያ ቀን ይጠየቃል።

የተቋማትም በደል ቀላል አይደለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ዘንድ ለሥልጠና ብሄድ፣ የተገዙት ራውተሮች በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ በካርቶናቸው እንደ ታሸጉ በንብረት ክፍል ተደርድረው አገኘኋቸው። ተማሪዎቹ ሥዕላቸውን በሰሌዳ ላይ እየሳሉ ይማራሉ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ይሆናል የሚል ነበረ። ዕቃው ከተማሪ እጅ ድኗል፤ ከእርጅና ግን የሚያድነው ሞዴል የለም።

ኩባንያው ይህን ሁሉ ለጽድቅ ብቻ ያደርገዋል አልልም፤ በእርሱ ትእዛዝ የሠለጠነ ወጣት ነገ የእርሱን ዕቃ እንደሚያዝ ያውቃል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ለመምህሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ኢአይጂአርፒ የተባለው መንገድ መምረጫ ከኩባንያው ቤት የወጣ ሲሆን፣ ኦኤስፒኤፍ ግን የማንም ኩባንያ ያልሆነ፣ ለሁሉ የተከፈተ ሥርዓት ነው፤ ጊዜ የሚያንሰው መምህር ሁለተኛውን ያስቀድም። ኦራክል ከ1993፣ ሁዋዌም ከ2013 ጀምሮ የየራሳቸውን አካዳሚ ከፍተዋል፤ የሁዋዌው በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል። በሲስኮ «ሾው» የሚባለው በሁዋዌ «ዲስፕሌይ» ይባላል፤ በዚያ ኮፒ ተብሎ በረጅሙ የሚጻፈው በዚህ «ሴቭ» ብቻ ነው። ምሥጢሩን የያዘ ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሻገራል፤ ቃሉን ብቻ የያዘው ግን እንደ ገና ከሀሁ ይጀምራል። ሁለቱም ራውተሮች፣ ካልተጻፈላቸው፣ መብራት ሲሄድ እኩል ይረሳሉ።

እንግዲህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ ካርቶኖቹን ክፈቱ፤ ይህም ትምህርት በአንድ መምህር ትጋት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ እርሱ ሲለቅ አብሮት እንዳይሄድ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ጻፉት። አንተም ተማሪ፣ አንቺም ተማሪ፣ ከላቡ ከመውጣታችሁ በፊት ትእዛዙን ጻፉ፤ ኢንተር መጫንንም አትርሱ።