ስለ ቴክሳስ ምክትል አገረ ገዥ ሹመት ታሪክ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ 50 ስቴቶች አሉ። እያንዳንዱም ስቴት የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ምክር ቤትና በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ አገረ ገዥ አለው። አገረ ገዥው ቢሞት፣ ሥራውን ቢተው ወይም ከስቴቱ ቢወጣ ሥልጣኑ ያለ ባለቤት እንዳይቀር፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሁለተኛ ሹም አስቀድሞ ተመርጦ ይቀመጣል። እርሱም በእንግሊዝኛ ሌፍተናንት ገቨርነር ይባላል። ሌፍተናንት የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ስፍራ ያዥ» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ እንደራሴ የምንለው ለዚህ ይቀርባል፤ ዳሩ ግን እንደራሴ አብዛኛውን ጊዜ በንጉሥ ስፍራ ለሚሠራ የሚነገር ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሕፈት ምክትል አገረ ገዥ እንለዋለን። የስቴቶቹን ሁሉ ታሪክ ለመናገር ስፍራ አይበቃንምና የቴክሳስን ብቻ እንመለከታለን፤ በዚያ አገር ሁለተኛው ሹም ከፊተኛው ይበልጣል እስከ መባል ደርሷልና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቴክሳስ ከ1836 እስከ 1845 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሪፑብሊክ ነበረ፤ ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንትም ነበሩት። በ1845 ዓ.ም. መጨረሻ ከአሜሪካ ጋር በተዋሐደ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በአገረ ገዥ፣ ምክትሉም በምክትል አገረ ገዥ ተተኩ። በመጀመሪያው ምርጫ ኒኮላስ ዳርኔል አሸነፉ ተብሎ ነበረ፤ ነገር ግን ዘግይቶ የደረሰው ድምፅ በተቈጠረ ጊዜ አሸናፊው አልበርት ሆርተን ሆነው ተገኙ። ሆርተን ሥራቸውን በጀመሩበት በ1846 ዓ.ም. አገረ ገዥው ፒንክኒ ሄንደርሰን ወደ ሜክሲኮ ጦርነት ስለ ዘመቱ፣ እርሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ለወራት ያህል አገሩን ያስተዳደሩት ሆርተን ናቸው። ሹመቱ ስለ ምን እንደ ተፈጠረ ገና ከመጀመሪያው ታየ።

በ1861 ዓ.ም. የሆነው ግን ከዚህ የከበደ ነው። ቴክሳስ ከኅብረቱ ተገንጥሎ ከደቡብ ስቴቶች ጋር ሲተባበር፣ አገረ ገዥው ሳም ሂውስተን ለአዲሱ መንግሥት አልምልም አሉ። የተሰበሰበውም ጉባኤ ሥልጣናቸውን እንደ ለቀቁ ቈጥሮ ምክትላቸውን ኤድዋርድ ክላርክን በስፍራቸው አስቀመጠ፤ ክላርክም ማሉ። ይኸው ክላርክ በዚያው ዓመት ለምርጫ ቢቀርቡ በ124 ድምፅ ብልጫ ብቻ ተሸነፉ። ተተኪ ተዘጋጅቶ መኖሩ አገርን ከሁከት እንደሚያድን ሁሉ፣ ሹምን ለመሻር ለሚሹ ሰዎችም መንገዱን ያቀልላቸዋል።

ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ አገረ ገዥው ኤድመንድ ዴቪስ ብዙ ሹማምንትን በራሳቸው ፈቃድ ይሾሙ፣ ፖሊሱንም ያዝዙ ስለ ነበረ ብዙዎች ተቈጡባቸው። ከዚህም የተነሣ የ1876ቱ ሕገ መንግሥት የአገረ ገዥውን እጅ አሰረ፤ ዋና ዋናዎቹ ሹማምንት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ አደረገ። ይህ ሕገ መንግሥት ከ500 ጊዜ በላይ ቢሻሻልም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለምክትሉ በግልጥ የሰጠው ሥራ ጥቂት ነው፤ ይኸውም አገረ ገዥው በሌለ ጊዜ መተካት፣ ሴኔት የሚባለውን 31 አባሎች ያሉበትን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት መምራት፣ ድምፁ እኩል ለእኩል በተከፈለም ጊዜ የራሱን ድምፅ መስጠት ነው። ሴኔት ማለት ቀድሞ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በወጣው ሕገ መንግሥታችን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባል የነበረውን ዐይነት ነው።

እንግዲያስ ታላቁ ሥልጣን ከወዴት መጣ? ከምክር ቤቱ የውስጥ ደንብ ነው። አባሎቹ ባወጡት ደንብ መሠረት ምክትሉ የኮሚቴዎችን ሊቃነ መናብርትና አባሎች ይሾማል፤ የሕግ ረቂቅ ሁሉ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ ይወስናል፤ ማን እንዲናገር እንደሚፈቀድለትም እርሱ ይለያል። መደበኛው ጉባኤ በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀን ብቻ ስለሚቀመጥ፣ ሊቀ መንበሩ ያዘገየው ረቂቅ ጊዜው አልፎበት ይሞታል። በ1949 ዓ.ም. በተቋቋመው የበጀት ቦርድም ከሌላው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጋር ሰብሳቢ ሆነ። የዚህ ሁሉ ባለ ሥልጣን ደመወዝ ግን እንደ ማንኛውም የምክር ቤት አባል በወር 600 ዶላር ነው! ደግሞም ደንቡን ያወጡት አባሎች ሊለውጡት ስለሚችሉ፣ ኀይሉ በውሰት እንደ ተሰጠው ገንዘብ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ይህም በ1979 ዓ.ም. ተፈተነ። ምክትሉ ዊልያም ሆቢ ስለ ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ቅድመ ምርጫ ቀን የተጻፈ ረቂቅ ሊያሳልፉ በፈለጉ ጊዜ፣ የተቃወሙት 12 አባሎች ከምክር ቤቱ ጠፍተው ተሸሸጉ። ለጉባኤው ከ31ዱ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለት 21 ሰዎች መገኘት ስላለባቸው ሥራው ቆመ። ሬንጀር የሚባሉት ፖሊሶች ሲፈልጓቸው ሰነበቱ፤ አንዱን አባል ያዝን ብለውም ወንድሙን ይዘው አመጡ! ረቂቁ በመጨረሻ ቀረ፤ ሆቢ ግን ከ1973 እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ 18 ዓመት በሹመታቸው ቈዩ።

አገረ ገዥውና ምክትሉ የሚመረጡት ለየብቻቸው ስለ ሆነ ከተለያየ ፓርቲ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. አገረ ገዥው ጆርጅ ቡሽ ሪፐብሊካን፣ ምክትሉ ቦብ ቡሎክ ደግሞ ዴሞክራት ነበሩ፤ ሁለቱም ተስማምተው ሠሩ።

የመተካቱም ነገር አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. አገረ ገዥው ቦፎርድ ጄስተር በባቡር ሲጓዙ በሞቱ ጊዜ ምክትላቸው አለን ሺቨርስ ተተኩ፤ የምክትሉ ወንበር ግን እስከሚቀጥለው ምርጫ ባዶ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቡሽ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲሄዱ ምክትላቸው ሪክ ፔሪ አገረ ገዥ ሆኑ፤ በዚህ ጊዜ ግን 31ዱ አባሎች ከመካከላቸው ቢል ራትሊፍን መርጠው በወንበሩ አስቀመጡ።

ከሁሉ ይልቅ ለጥቂቶቹ ወገን የጠቀመው አንድ የቈየ ልማድ ነበረ። በጉባኤው መጀመሪያ ስለ መናፈሻ ማስዋብ ወይም ስለዚህ ስለ መሰለ ትንሽ ነገር አንድ ረቂቅ ቀርቦ በዝርዝሩ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም አያነሣውም። ሌላውን ረቂቅ ለማንሣት ተራውን መዝለል ግድ ይሆናል፤ ተራውንም ለመዝለል ከሦስት ሁለቱ እጅ፣ ማለት 21 አባሎች መስማማት ነበረባቸው። ስለዚህ 11 ሰዎች ተባብረው ከቆሙ የማይወዱትን ሕግ ማገድ ይችሉ ነበር። ብዙ የሆነው ወገን ጥቂቱን ሳያማክር እንዳይሠራ ያስገደደው ይህ ስለ ሆነ፣ ሥራን ማዘግየቱ እውነት ቢሆንም ልማዱ መልካም ነበረ እንላለን። በ2015 ዓ.ም. ዳን ፓትሪክ ምክትል አገረ ገዥ ሲሆኑ ቍጥሩ ወደ 19፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 18 ዝቅ አለ። በዚያን ጊዜም የሪፐብሊካኑ ወገን አባሎች ቍጥር 18 ነበረ።