ስለ ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ሙያ ጥቂት ማብራሪያ



ትምህርታችንን ፈጽመን ስንመረቅ ምን ሥራ እንይዛለን የሚለው አሳብ ሁላችንንም ያስጨንቀናል። ሕክምናን፥ መምህርነትንና ምሕንድስናን ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔ ግን ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ስለሚባለው ሙያ የተረዳሁትን ልገልጽላችሁ እወዳለሁ። ሐንስ ፒተር ሉን የተባለ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪ ይህን ስም የያዘ ጽሑፍ ያወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. ነው።

ሥራው የገበሬን ሥራ ይመስላል። ጤፍ ከየማሳው ታጭዶ አውድማ ላይ ይበራያል፤ ገለባው በነፋስ ይለያል፤ ንጹሑ ፍሬ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያም እየተሰፈረ ይወጣል። የዚህ ሙያ ሠራተኛም ቊጥሮችን ከየመዝገቡ ሰብስቦ ያጠራቸዋል፤ ዳታ ዌርሃውስ በሚባል የመረጃ ጎተራ ያከማቻቸዋል፤ በመጨረሻም ኀላፊዎች እንዲወስኑባቸው በሠንጠረዥና በሥዕል ያቀርባቸዋል።

ብዙ ድካም ያለው በማጥራቱ ላይ ነው። ኃይሉ፥ ሐይሉና ሀይሉ ሲነበቡ አንድ ናቸው። ኮምፒዩተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ልዩ ቊጥር ስለሚሰጥ ሦስት ሰዎች ያደርጋቸዋል። እንዲሁም በእኛ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች 1990 ተወለደ ተብሎ ቢጻፍ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ፤ አንድ ገበሬ ሦስት ሆኖ ቢቈጠር ማዳበሪያው ለአንዱ ቀበሌ ተርፎ ለሌላው ያንሳል። ስለዚህ ፊደሉንና የዘመን አቈጣጠሩን የሚያውቅ የአገር ልጅ ለዚህ ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሙያውን የሚሻ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስን፥ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ወይም ስታቲስቲክስን ቢመርጥ ይስማማዋል። ከሁሉ አስቀድሞ መረጃን የምንጠይቅበትን ኤስ ኪው ኤል የተባለ ቋንቋ ይማር፤ ቀጥሎ ኤክሴልንና ፓወር ቢአይን ይልመድ። የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብም «የዳታ ተንታኝ» ወይም «የሪፖርት ባለሙያ» የሚለውን አይለፍ፤ ሥራው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ስሞች ይወጣል። ባንኮች፥ ኢትዮ ቴሌኮምና የጤና መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ ብዙ መረጃ ይሰበስባሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ የገንዘብ መዝገቡ እስከ ገጠር ገበያችን ደርሷል።

ልምምዱን ለመጀመር ግን ምረቃን መጠበቅ አያስፈልግም። እኔ አባቴ የጤፍ ሽያጩን የሚጽፍበትን ደብተር ወስጄ ወሩን፥ ኩንታሉንና ዋጋውን በሠንጠረዥ አሰፈርሁ። ዋጋው ከመከር በኋላ በጥር ዝቅ ብሎ በክረምት ከፍ እንደሚል በግልጽ ታየ። ይህን አባቴም ያውቀዋል። «ስንት ኩንታል ለክረምት ብናቈይ የጎተራውን ብልሽትና የማዳበሪያውን ዕዳ ችሎ ያተርፋል?» ለሚለው ጥያቄው ግን አሁን ቊጥር ይዘን እንነጋገራለን።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ሙያው የሚለካው በሥዕሉ ማማር ሳይሆን በቊጥሩ እውነተኛነት ነው። ወላጆቻችንም ደብተራችሁን ብታውሱን የመጀመሪያውን ትምህርት ከእናንተ እንቀስማለን።