ሚልፎኒ ቦሌ ሲገባ

በአዲስ አበባ የጣሊያን ኬክ ታሪክ የሚፈልግ እንግዳ ወደ ፒያሳ ይላካል። እውነትም ጅማሬው እዚያ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን መጥተው ከድሉ በኋላ የቀሩ ጣሊያናውያን ካፌና ኬክ ቤት ከፈቱ። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ስሙን የተከለው በዚያው ሰፈር ነው።

ዛሬ ግን ሙያው የኢትዮጵያውያን ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት ድረስ በየኬክ ቤቱ መስታወት ውስጥ ሚልፎኒ የሚባለው ባለ ንብርብር ኬክ አይጠፋም። ሊጡ በቅቤ ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፣ ደግሞ ይታጠፋል፤ ምድጃ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ንብርብሩን ያነሳዋል። በመካከሉ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከስኳር የተሠራ ክሬም ይገባል። ካደረ ግን ንብርብሩ የክሬሙን እርጥበት ይመጥና ይልፈሰፈሳል፤ ኬክ ቤትን መመዘን የሚቻለውም በዚሁ ነው።

በዘይት የሚጠበሰው ቦምቦሊኖማ ከኬክ ቤት ወጥቶ የየሰፈሩ ሱቅ ደርሷል።

የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ትልቁ ፈጠራ የጾም ኬክ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ይጋግራሉ። ለስላሳነቱን ያለ እንቁላል ማምጣት ቀላል ሙያ አይደለም፤ የሚገባውን ያህልም አልተመሰገነም።

ቦሌ ጎራ የሚሉ ሁሉ ጠዋት ይሂዱ፤ ከማዘዛቸው በፊትም የዕለቱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።